እስከ ብብት

ሻዳ ውስጥ ሰው ሲጎርስ ዝም ይላል። ከጨዋነት አይደለም፤ እሜቴን እየጠበቀ ነው። ምግቡ ምላስ ላይ ያርፋል፣ ጉንጭ ይወጠራል፣ ዓይን ወደ ጣሪያ ይሰቀላል፤ ከዚያ ከመንጋጋ ጥርሶች መካከል ከተተከለችው ጥርስ ያቺ ቀጭን ድምፅ ለሴቷ «ዋጪ» ወይም «ትፊ»፣ ለወንዱ «ዋጥ» ወይም «ትፋ» ትላለች። ጥርሷ መዝገብ ላይ የሰፈረ ረጅምና አሰልቺ ስም አላት፤ የሚጠራው ግን የለም። ሰው ሁሉ የሚላት እሜቴ ነው፤ እንደ ቤት እመቤት ታዛለችና።

ሠርግ ላይ ይህ ነገር እንግዳን ያስደነግጣል። አዳራሽ ሙሉ ሰው አንድ ላይ ጎርሶ አንድ ላይ ፀጥ ይላል፤ ሙዚቀኛው እንኳ ጣቱን ከክሩ ላይ ያነሳል። ከዚያ እሜቴ በየአፉ ትፈቅዳለች፣ አዳራሹ ይውጣል፣ ጫጫታው ካቆመበት ይቀጥላል። ሙሽራው ለሙሽራዪቱ የሚሰጣት ጉርሻ ጉንጯን ወጥሮ ይቆያል፤ ፎቶ የሚነሱትም ያኔ ነው። የሻዳ ጎረምሳ ሴት ሲያባብል «ከአንቺ እጅ ከሆነ ሳልጠብቅ እውጣለሁ» ይላል። ይላል እንጂ ያደረገው የለም።

እሜቴ ተሳስታ አታውቅም። ሻዳ ውስጥ ምግብ መርዞት የሞተ ሰው ሽማግሌዎችም አያስታውሱም፤ ይህን መካድ ነውር ነው፣ እኛም አንክድም። ብቻ የሻዳ ምግብ በጥቅል ታሽጎ ከሰማይ የሚወርድ፣ ከፋብሪካው ሳይወጣ እሜቴ ስሙን የተማረችው ምግብ ነበር። ሌላ ምግብ ቀርቦላት አያውቅም።

ስንቅነሽ ወዳጆ ኑሮዋ ጣሪያ ላይ ነበር። በየቤቱ አናት የተዘረጋውን የፀሐይ መስታወት ታጥባለች። ከላይ ሆና የጎረቤቱን ሁሉ ጓዳ ታያለች፤ ከከተማዋ ጫፍ ጀምሮ ዓይን እስከሚደክምበት የሚሄደውን የሸካን ጫካም ታያለች። ጫካው አጥር የለውም፤ ከልካይም የለውም። የሻዳ ሰው የማይገባበት ገብቶ ምን እንደሚሠራ ግራ ስለሚገባው ብቻ ነው።

አባቷ አቶ ወዳጆ ምግብ ካቆሙ ሰንበት ብለዋል። ሐኪሙ መጥቶ አያቸው፤ ሆዳቸውን ነካ ነካ አደረገና በረንዳ ላይ ስንቅነሽን ጠርቶ «ሆዳቸው ደህና ነው፣ ጉሮሯቸውም ደህና ነው» አላት። «ካልበሉ ግን ይህን ክረምት አይወጡትም።»

ያላመጣችላቸው ጥቅል የለም። የዶሮውን፣ የዓሣውን፣ የአጃውን፣ ለሕፃናት የሚመጣውን ጣፋጩን ሳይቀር። አቶ ወዳጆ ይጎርሳሉ፣ ይጠብቃሉ፣ እሜቴ «ዋጥ» ትላለች፣ እሳቸው ግን መሐረብ ውስጥ ይተፉታል። እሜቴ «ዋጥ» እያለችው የሚተፋ ሰው ስንቅነሽ አይታ አታውቅም፤ አስፈራት። ሌሊት ሌሊት አጥንታቸው በጋቢያቸው ውስጥ ሲንቀሳቀስ ትሰማ ነበር፤ እናቷን በልጅነቷ ስለቀበረች እኚህን ሰው ካጣች ማንም አይቀራትም።

ዝናቡ ዘንድሮ እንደ ድሮው ገባ አሉ፣ ድሮን የሚያውቁት። ብዙ ዓመት ሲመጣ የነበረው የተቆራረጠ ዝናብ ቀርቶ፣ ቀን ከሌት የማያባራው፣ አፈር አፈር የሚሸተው ዝናብ ተመለሰ። በዚያ ሰሞን አንድ ጠዋት አቶ ወዳጆ አልጋቸው ላይ ተቀምጠው መስኮቱን ሲያዩ አገኘቻቸው።

«እንጉዳይ ወጥቶ ይሆናል» አሉ።

«ምን ወጥቶ?»

«እንጉዳይ ነዋ! የኩይሳው። ልጅ ሆኜ እንዲህ ሲዘንብ እናቴ ጫካ ትገባና ይዛ ትመጣለች። ቅቤ ብቻ ጠብ ታደርግበታለች።» ዋጥ አደረጉ፤ አፋቸው ውስጥ ምንም አልነበረም። «እሱን ባገኝ እበላ ነበር።»

ስንቅነሽ ሌላ ቃል አልጠበቀችም። እበላ ነበር ብለዋል።

ጫካው ጠርዝ ላይ የደረሰችው የሥራ ቱታዋን እንደለበሰች፣ ስለታም ቢላዋና የጨርቅ ከረጢት ይዛ ነው። ከጣሪያ ላይ አረንጓዴ ምንጣፍ የሚመስለው ጫካ ውስጡ ሌላ ነው፤ ይተነፍሳል፣ ይንጠባጠባል፣ ካልሲ ያረጥባል። ብዙም ሳትሄድ ከቁመቷ የሚበልጥ ቀይ ኩይሳ አገኘች። እንጉዳዮቹ ግርጌውን ከበው፣ ነጭ ጃንጥላ ዘርግተው ቆመው ነበር፤ አንዳንዱ የእጅ መዳፍ ያክላል፣ አንዳንዱ የምሳ ሳህን። ሳታውቀው ሳቀች። ንጹህ ሥራ ለምዳለችና ጭቃውን ሳትነካ እግር እግራቸውን በቢላዋ እየቆረጠች ከረጢቷን ሞላች። ስትመለስ ከአንድ ትልቅ ዛፍ ሥር ሌሎች ነጫጭ ጃንጥላዎች አየችና እነሱንም ጨመረች።

ሰፈሯ ስትደርስ እትዬ እልፍነሽ በራቸው ላይ ቆመው ነበር። እትዬ እልፍነሽ ጎረቤት ናቸው፤ የሰፈሩ ዕድር ዳኛ፣ የሠርጉ አዛዥ፣ የሰው ጥቅል ሲወርድ ከባለቤቱ ቀድመው ምን እንደሆነ የሚያውቁ ሴት። ከረጢቱን ከፍተው አዩ፤ አንዱን ቆረስ አድርገው አፋቸው ውስጥ ከተቱ። ዓይናቸው ወደ ሰማይ ተሰቀለ።

«ዋጪ አለችኝ!» አሉ። ሊውጡ ሲሉ ስንቅነሽ «ለአባዬ ነው፣ እሱ ሳይቀምስ» ብላ እጃቸውን ያዘች። ቅር እያላቸው መዳፋቸው ላይ ተፉት። «ከየት ነው?»

«ከጫካ።»

«ጫካማ ሰፊ ነው፣ ልጄ» አሉና ከንፈራቸውን መጠጡ።

አቶ ወዳጆ ከረጢቱን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው እያንዳንዱን አገላበጡ። ከጃንጥላው ሥር ያለውን ሽንሽን በጣታቸው ዳሰሱ፣ አሸተቱ፣ ቀና አሉ።

«እግራቸውስ?»

«ቆርጬው መጣሁ።»

«ውይ!» አሉ፣ በቀስታ። «የማይበላ አለ። የሚበላውን ይመስላል። ከሁለት አንዱ ከእግሩ ሥር ካልሲ የመሰለ ነገር ያጠልቃል። ልጅ ሆኜ ሲባል እሰማ ነበር።»

«የቱ ነው የሚያጠልቀው? የሚበላው ነው የማይበላው?»

አቶ ወዳጆ አንዱን እንጉዳይ አነሱ፣ መልሰው አስቀመጡ። ከዚያ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «አላውቅም፣ ስንቄ። የምበላው እኔ፣ የምትለቅመው እሷ። ጠይቄያት አላውቅም።»

ስንቅነሽ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። «እሜቴ ዋጪ ብላለች እኮ» አለች፤ ስትለው ግን ራሷንም አላሳመናትም። ሁለት እንጉዳይ መርጣ ጎን ለጎን አስቀመጠች። የአንዱ ሽንሽን ወደ ሐምራዊ ይሄዳል፣ የሌላው ወተት ነው። አንዱ መሀሉ ሾጠጥ ያለ፣ ሌላው ለጥ ያለ። ሽታቸውም አይገናኝም። ከአንዱ ቆንጥራ ምላሷ ላይ አደረገች፦ «እንጉዳይ። ዋጪ።» ተፋችው፤ አፏን ተጉመጠመጠች። ከሌላው ቆነጠረች፦ «እንጉዳይ። ዋጪ።» ተፋችው። ድምፁ አንድ ነው፣ እርግጠኝነቱም አንድ ነው። እሜቴ የምታውቀው የፋብሪካውን እንጉዳይ ነበር፤ እሱን የመሰለውን ሁሉ በእሱ ስም ትጠራዋለች። ስንቅነሽ እስከ ዛሬ የዋጠችው ሁሉ ትዝ አላት።

«አባዬ» አለች፣ «እናትህ ስትመጣ ምን ትመስል ነበር? ከጫካ ስትመለስ።»

«ምን ትመስል… እርጥብ ናት። ትስቃለች። አንድ እጇ እስከ ብብቷ ጭቃ ነው። በዚያው እጇ ታቅፈኝና አክስቴ ትቆጣታለች።»

«አንድ እጇ ብቻ?»

«አንዱ ብቻ። ቀኙ።»

«እስከ ብብቷ?»

አቶ ወዳጆ ልጃቸውን አዩ፤ ልጃቸውም አየቻቸው። መሬት ላይ የቆመ ነገር ለመልቀም ማንም እጁን እስከ ብብቱ አያጨቀይም። ሴትዮዋ የሆነ ነገር ተከትላ ወደ ታች ትገባ ነበር።

ስንቅነሽ ከረጢቱን ጓሮ ወስዳ ጉድጓድ ቆፍራ ቀበረችው። የተቀላቀለ ነው፤ አንዱ ክፉ ከሆነ ሁሉም ክፉ ነው። እትዬ እልፍነሽ በአጥሩ ላይ አሻግረው አዩ።

«ዋጪ የተባለ ምግብ ትቀብሪያለሽ? ምነው፣ ለጎረቤት ከመስጠት መቅበር ይሻላል እንዴ?»

«አይደለም፣ እትዬ። አላወቅነውም።»

«እሜቴ ካወቀችው ያንቺ ማወቅ ለምን ያስፈልጋል?» አሉ። በዚያች ቀን ስንቅነሽን ስስታም ብለው ለሰፈሩ ሁሉ አወሩ።

በማግስቱ ቢላዋውን እቤት ትታ፣ መኮትኮቻና የግንባር መብራቷን ይዛ ሄደች። መጀመሪያ ትልቁ ዛፍ ሥር ተንበረከከች። አንዱን እንጉዳይ በጣቶቿ ከበበችና ቀስ አድርጋ ሳበችው፤ እንደ ልቅ ጥርስ ተነቅሎ መጣ። እግሩ ሥር ነጭ፣ የተቀደደ ካልሲ አለ። ከካልሲው በታች ምንም የለም። መልሳ መሬት ላይ አስቀመጠችው፤ እጇን በቅጠል ጠረገች።

ከዚያ ወደ ኩይሳው ሄደች። መሀሉ ሾጠጥ ካለው እንጉዳይ ጎን አፈሩን ኮተኮተች። ካልሲ የለውም። እግሩ አያልቅም። ከአፈሩ በታች ይቀጥናል፣ ይጠቁራል፣ ይወርዳል። መኮትኮቻው እንዳይቆርጠው ፈርታ ወረወረችውና በደረቷ ተኝታ በእጇ ገባች። እስከ አንጓዋ፣ እስከ ክርኗ። ሥሩ እንደ ክር በሁለት ጣቷ መካከል ይሄዳል፤ ከለቀቀችው ትጠፋለች። ትከሻዋ መሬት ሲነካ ጣቷ ክፍት ቦታ ውስጥ ገባ፤ ሙቀት ነካት።

እጇን ልታወጣ ነበር። አላወጣችም። ያ ሁሉ ዝናብ፣ ያ ሁሉ የቀዘቀዘ ጭቃ ከላይ ሆኖ፣ ከታች እንደ ሰው ብብት የሚሞቅ ቤት ነበር። አየሩ ይንቀሳቀሳል፤ በጣቶቿ መካከል ቀስ ብሎ ሲያልፍ ይሰማታል። ኩይሳው ይተነፍሳል።

ጉድጓዱን አሰፋችና በግንባር መብራቷ ወደ ውስጥ አየች። ስፖንጅ የመሰለ፣ የተቦረቦረ ግራጫ ነገር በክፍል በክፍሉ ተደርድሯል። በላዩ ላይ ሰሊጥ የሚያካክሉ ነጫጭ ፍሬዎች ተዘርተዋል፤ ተዘርተዋል የሚለው ቃል ነው የመጣላት፣ ምክንያቱም ምስጦቹ በመካከላቸው እየተመላለሱ፣ እየነካኩ፣ የደረቀ ቅጠል አድቅቀው ሥራቸው እያኖሩ ነበር። ያቺ የያዘቻት ክር ከዚያ ማሳ ተነስታ፣ ያን ሁሉ አፈር ሰንጥቃ፣ ላይ ወጥታ ጃንጥላ ዘርግታለች። ሰው ሞፈር ሳይቆርጥ፣ ሻዳ ሻዳ ሳትባል፣ ሸካም ሸካ ሳይባል፣ እዚህ ጨለማ ውስጥ እርሻ ነበር። አንድ ባለ ትልቅ ጭንቅላት ምስጥ ጣቷን ነከሳት፤ እውነቱን ነው፣ ገበሬውን ሳትጠይቅ ነው የገባችው። እንባዋ ፊቷን አጥቦ ወረደ፤ ከምን የመጣ እንባ እንደሆነ አልጠየቀችም። ዕድሜዋን ሁሉ ላይ ላዩን ስታጥብ ኖራለች።

ሥራቸውን በእጇ እየተከተለች እስከ ታች ያየቻቸውን ብቻ፣ ጥቂት ለቀመች። ሌላው እዚያው ቀረ።

አቶ ወዳጆ ረጅሙን ሥር ጣታቸው ላይ ጠቀለሉት። ስንቅነሽ ቀቅላ፣ ቅቤ ጠብ አድርጋ በሳህን አቀረበች። እጃቸውን ሲዘረጉ ሳህኑን አራቀችው።

«እኔ ልቅመስ» አሉ እሳቸው። «እኔ እንደሆንኩ ሄያጅ ነኝ። ቢገድለኝም የሚጎድል ነገር የለም።»

«አንተ ቀምሰህ ብትሞት ምን ገደለው እንላለን? ርሃቡ ነው እንጉዳዩ? ጠላ የሚቀዳው ሰው መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ ቀድሞ የሚቀምሰው ለምንድን ነው? ደህና ሰው ስለሆነ ነው። የቆፈርኩት እኔ ነኝ፣ የምቀምሰውም እኔ ነኝ።»

«አንቺ ብትሞቺስ? እኔ ለማን ልበላ ነው?»

ስንቅነሽ ከሳህኑ አንድ ቁራጭ አነሳች። ያጎረሰችው የራሷን አፍ ነው። ልማድ ነውና እሜቴን መጠበቅ ጀመረች፤ ከዚያ ማንን እንደምትጠብቅ አሰበችና ዋጠች። እሜቴ «ዋጪ» ያለችው ካለፈ በኋላ ነው። ጣዕሙን ለመናገር የሻዳ ሰው ቃል አልነበረውም፤ ሥጋ አይደለም፣ ቅጠል አይደለም፣ ዝናብ ከዘነበ በኋላ ያለው ሽታ ጥርስ ቢያወጣ ኖሮ እንዲያ ይሆን ነበር።

ክፉ እንጉዳይ ቶሎ አይገድልም፤ ይህን አቶ ወዳጆ አልረሱም። ስለዚህ ጠበቁ። ያን ቀን ውለው፣ አድረው፣ ሌላውንም ቀን ውለው፣ አድረው፣ አባት ልጃቸውን እያዩ፣ ልጅ ሆዷን እያዳመጠች ጠበቁ። አቶ ወዳጆ ትንፋሻቸው እያጠረ ነበር። ስንቅነሽ ሞትን የምትፈራው ስለ ራሷ ሳይሆን፣ እሷ ደህና መሆኗ ሳይታወቅ እሳቸው እንዳይቀድሙባት ነበር። ጠዋት ስትነሳ ራባት። ሌላ ምንም አልነበረም፣ ራባት ብቻ።

ሳህኑን አሙቃ መጣች። ጠቅልላ አጎረሰቻቸው። አቶ ወዳጆ ዓይናቸውን ወደ ጣሪያ አልሰቀሉም፤ የልጃቸውን ፊት እያዩ፣ ሳይጠብቁ፣ ዋጡ።

«ድገሚኝ» አሉ።

ሁለተኛውን ጉርሻ እያዘጋጀች ሳለ ከውጭ ጫጫታ ሰማች። በመስኮቱ ስታይ እትዬ እልፍነሽ ከፊት፣ የሰፈሩ ሰው ከኋላ፣ ሁሉም ቢላዋና ከረጢት ይዞ ወደ ጫካው ይሄዳል። ከጫካ ስትመለስ የተወችውን የጭቃ ዱካ ተከትለው ቦታውን አውቀውታል።

«ሂጂ» አሉ አቶ ወዳጆ። «ለራሴ እጎርሳለሁ።» ሳህኑን ከእጇ ወሰዱ።

ስትደርስ ቆረጣው ተጀምሯል። ከትልቁ ዛፍ ሥር ያሉት ነጫጭ ሁሉ ተጠርገዋል፤ እትዬ እልፍነሽ ከረጢታቸው ሞልቶ አሁን ኩይሳው ግርጌ ደርሰዋል። ሰው እየቆነጠረ ምላሱ ላይ ያደርጋል፤ ዓይን ሁሉ ወደ ሰማይ ነው።

«ትፉት!» ብላ ጮኸች። «በእናታችሁ ትፉት!»

እንዲህ ያለ ትእዛዝ ከእሜቴ ውጭ ከማንም ሰምተው ስለማያውቁ ደንግጠው ተፉት።

«ምን ሆነሻል አንቺ ልጅ?» አሉ እትዬ እልፍነሽ። «ዋጪ ብላለች እኮ! ተሳስታ ታውቃለች?»

ስንቅነሽ ክርክር አልፈለገችም። ከከረጢታቸው መሀሉ ለጥ ያለውንና ሾጠጥ ያለውን አንድ አንድ አውጥታ መዳፋቸው ላይ አኖረች። «ለሁለቱም ምን አለችዎት?»

«ዋጪ።»

«አንድ ናቸው?»

እትዬ እልፍነሽ አዩ፣ አሸተቱ፣ መልሰው አዩ።

«ቢላዋውን ይተዉትና እዚህ ይተኙ» አለች ስንቅነሽ፣ ኩይሳው ግርጌ የቆፈረችበትን እያሳየች። «እጅዎን ያስገቡ። ይህን ክር አይልቀቁት።»

የዕድር ዳኛ ጭቃ ላይ ተኝቶ አያውቅም። እትዬ እልፍነሽ ነጠላቸውን አወለቁ፣ ሰፈሩን ገላመጡ፣ እያጉረመረሙ በደረታቸው ተኙ። እጃቸው ገባ። እስከ ክርናቸው ድረስ እያወሩ ነበር፤ ቀሚሳቸው ስለመበላሸቱ፣ ስለ ስንቅነሽ ማበድ። ከክርናቸው በላይ ሲገባ ድምፃቸው ቀነሰ። ትከሻቸው መሬት ሲነካ አፋቸው እንደተከፈተ ቀረ።

«እትዬ? ምን አገኙ?»

«ቆይ» አሉ በሹክሹክታ። «ቆይ፣ አትናገሪ። ይሞቃል።»

ብዙ ቆዩ። ሲነሱ ፊታቸው የሌላ ሰው ፊት ነበር። ማንም ሳይጠይቃቸው ከረጢታቸውን አነሱ፣ ጉድጓድ አስቆፈሩ፣ እስከ መጨረሻዋ ድረስ ገለበጡት። ሌሎቹም አራገፉ። ከዚያ ሰው አንድ በአንድ ኩይሳውን ከበበ፣ በደረቱ ተኛ፣ አንድ እጁን ወደ ታች ሰደደ። ጫካው ውስጥ እንደ ሠርግ አዳራሽ ያለ ፀጥታ ወረደ። አፍ ሁሉ ባዶ ነበር፤ እሜቴ የምትለው አልነበራትም።

ወደ ቤት የተመለሱት ከሰዓት በኋላ፣ ጥቂት ጥቂት ይዘው ነው። አቶ ወዳጆ መስኮቱ ጋ ተቀምጠው፣ ባዶውን ሳህን ጭናቸው ላይ አድርገው መንገዱን ያዩ ነበር። ሰፈሩ ሁሉ እርጥብ ሆኖ፣ እየሳቀ፣ በመስኮታቸው ሥር አለፈ፤ ወንዱም ሴቱም አንድ እጁ እስከ ብብቱ ጭቃ ነበር።

ስንቅነሽ በመጨረሻ ገባችና ወደ ውሃው ሄደች።

«አትታጠቢ» አሉ አቶ ወዳጆ። ክንዳቸውን ዘረጉላት። «ቆይ፣ ገና አትታጠቢ። በዚያው እጅሽ እቀፊኝ።»